ዲፕሬሽኑ ሐሙስ ይደርሳል

[ፊጂ ውስጥ፣ ካዳቩ ደሴት፣ ከሰዓት በኋላ። ዓሣ አስጋሪው ኮሮይ ጀልባውን በገመድ ከባሕሩ ወደ ላይ ሊያወጣ ይታገላል። የእህቱ ባል ኢሶአ ሱቫ ከተማ ሃያ ዓመት በየቢሮው ተላላኪ ሆኖ ሠርቶ የተመለሰ ሰው ነው። የኮሮይን ስልክ ከዓይኑ አርቆ ይዞ፣ ከመንግሥት የተላከውን መልእክት ያነባል።]

ኢሶአ፦ አይደለም አልኩህ እኮ! ዲፕሬሽን ማለት የልብ ሐዘን ነው። ሰው ይከፋዋል፣ ይተኛል፣ እህል አልቀምስም ይላል። አለቀ!

ኮሮይ፦ እና እሱ ነው ሐሙስ የሚመጣው?

ኢሶአ፦ [እንግሊዝኛውን እየተረጎመ] "ዲፕሬሽኑ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ካዳቩ ይደርሳል።" ቁልጭ ብሎ ተጽፏል።

ኮሮይ፦ አማቼ፣ ሐሙስ እኮ ዛሬ ነው።

ኢሶአ፦ ታዲያ እዘኑ ነዋ!

ኮሮይ፦ መንግሥት ቀን ቆርጦ እዘኑ ይላል?

ኢሶአ፦ መንግሥት የማይለው ምን አለ? ሆስፒታል ስሠራ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ለዚህ በሽታ ብቻ አንድ ሙሉ ክፍል ነበር። ፋይሉን የማመላልሰው ደግሞ እኔ ነኝ!

ኮሮይ፦ ፋይሉን ታነበው ነበር?

ኢሶአ፦ ተሸክሜዋለሁ አልኩህ እኮ!

ኮሮይ፦ እሺ፣ እሺ። እያወራህ ይቺን ገመድ ያዝልኝ፤ እጄ ተላጠ። ከየት ነው የሚመጣው ይላል?

ኢሶአ፦ [ገመዱን በአንድ እጁ እየያዘ] ከሰሜን ምዕራብ። ከጎረቤታችን ከቫኑዋቱ በኩል።

ኮሮይ፦ ቫኑዋቱዎች ከፋቸውና ወደኛ ላኩት? ሳብ!

ኢሶአ፦ [እየሳበ] ቆይ እስቲ... "በሰዓት ሃያ ኪሎ ሜትር ይጓዛል።"

ኮሮይ፦ ሐዘኑ? የኔ ሞተር እንኳን እንዲህ አይሮጥም!

ኢሶአ፦ አታሹፍ! የሆስፒታሉ ካልሆነ የባንኩ ነው። ባንክ ቤት ስሠራ አለቆቹ ይሄን ቃል ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ገበያ ሲሞት ማለት ነው። የሚገዛ የለ፣ የሚሸጥ የለ፣ ፋብሪካው ሁሉ ይዘጋል።

ኮሮይ፦ እኛ መንደር ያለው አንድ ሱቅ ነው። የሚሸጠውም የቆርቆሮ ዓሣ። ምኑን ነው የሚገድለው?

ኢሶአ፦ ዓሣውን ነዋ!

ኮሮይ፦ ሞቶ አይደል እንዴ ቆርቆሮ ውስጥ የገባው? ሳብ!

ኢሶአ፦ [ስልኩን ኪሱ ከትቶ በሁለት እጁ እየሳበ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ] ወይ ጣጣ! አንተን ከማስረዳት ይሄን ጀልባ መጎተት ይቀላል!

ኮሮይ፦ ልክ ነህ። ጎትት።

ኢሶአ፦ [ትንሽ ከጎተተ በኋላ ስልኩን አውጥቶ] አሃ! "እየጠለቀ ይሄዳል" ይላል። እየጠለቀ! በቃ፣ ገባኝ። የመሬት ለኪዎቹ ነው! እነሱ ዘንድ ዲፕሬሽን ማለት መሬት ስርጉድ ሲል ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የመለኪያ እንጨታቸውን ተሸክሜላቸዋለሁ።

ኮሮይ፦ ይሄንንም ተሸክመኸዋል?

ኢሶአ፦ በትከሻዬ!

ኮሮይ፦ እና ባሕር ላይ እየሮጠ የሚመጣው ጉድጓድ ነው?

ኢሶአ፦ [ጥቂት አስቦ] ጉድጓድ ነው።

ኮሮይ፦ ሲደርስ ምን እናድርገው? እንድፈነው?

ኢሶአ፦ እሱን የሚያውቁት ባለሙያዎች ናቸው። እኔ የማውቀው ቃሉን ነው።

[ነፋስ መጥቶ የኢሶአን ባርኔጣ ከራሱ ላይ አንስቶ ይወስደዋል። ሰማዩ ጠቁሯል።]

ኢሶአ፦ ኧረ! ምን ሆነ ይሄ ነፋስ?

ኮሮይ፦ ከፍቶት ይሆናል። ሳብ፣ አማቼ፣ ትንሽ ቀረን!

[እየጎተቱ ጀልባዋን ከመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ጀርባ ያደርሷታል። ኮሮይ ገመዱን ጥርቅም አድርጎ ያስራል።]

ኮሮይ፦ ተመስገን! እግዜር ይስጥልኝ። በል ስልኬን ስጠኝ።

ኢሶአ፦ [እያለከለከ] ቆይ፣ ገና መች ጨረስኩልህ! የፍርድ ቤቱ ይቀራል።

ኮሮይ፦ ፍርድ ቤቱን ተወውና ወደ ታች ውረድ። ከእንግሊዝኛው ሥር ያለውን አይተኸዋል?

ኢሶአ፦ [ጣቱን እያንሸራተተ] "ከባድ ነፋስና ዝናብ እየመጣ ነው። ጀልባችሁን ከባሕር አርቁ፤ የቤታችሁን ጣራ እሰሩ..." ይሄማ... ይሄማ በፊጂኛ ነው!

ኮሮይ፦ አዎ፣ በገዛ ቋንቋችን። ዲፕሬሽን ያሉት ይሄንኑ ነፋስና ዝናብ ነው።

ኢሶአ፦ አይተኸው ነበር?

ኮሮይ፦ ጠዋት።

ኢሶአ፦ ታዲያ እኔን ምን ልሁን ብለህ ጠየቅከኝ?

ኮሮይ፦ "ጀልባ ጎትትልኝ" ብልህ ወገብህን ያምሃል። "አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ቸገረኝ" ስልህ ግን ምሳህን ትተህ በሩጫ መጣህ።

ኢሶአ፦ [በድንገት ወደ መንደሩ ዞሮ] ጣራዬ! ወይኔ ጣራዬ! ሚስቴ ብቻዋን...

ኮሮይ፦ ተረጋጋ። ለእህቴም መልእክቱ ጠዋት ደርሷታል። አንተ እዚህ ስትጎትት እሷ ጎረቤቶቹን ይዛ ጣራውን አስራለች። "እስክንጨርስ ድረስ ከቤት አውጣልኝ" ያለችኝም እሷ ናት።

ኢሶአ፦ የገዛ ሚስቴ? ባሏ አይደለሁም? ለምን አልነገረችኝም?

ኮሮይ፦ እንዳትተረጉምላት ፈርታ።