ተራ አስከባሪውና አለቃ የሌለው መንጋ

ጋሼ ሙሀመድአሚን መቼ ነው የሚተኙት? አንዋር ይህን ጥያቄ ለዓመታት ሲያብሰለስል ኖሮ መልስ አላገኘለትም። ጎህ ሳይቀድ ሚኒባሱን ይዞ ከሚሴ መናኸሪያ ሲደርስ ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመዋል። የመጨረሻዋ መኪና ስትገባም እዚያው ናቸው። አንድ ቀን ደፍሮ ጠየቃቸው።

«ጋሼ፣ አንቱ ግን መቼ ነው የሚተኙ?»

«እኔ ከተኛሁማ አንዲት ጎማ አትዞርም! ይልቅ ጠጋ አርጋት፤ ከመስመር ወጥተሃል።»

መናኸሪያ ባለበት አገር ሁሉ እንዲህ ያለ ተራ አስከባሪ አይጠፋም። ማን እንደሾመው የሚያስታውስ የለም፤ የሚሽረውም ገና አልተወለደም። ፊሽካው አንገቱ ላይ፣ ከዘራው እጁ ላይ፣ ድምፁ ግን ሁሉም ቦታ ነው። የክቡር ጋሼ ሙሀመድአሚን ግዛት ደግሞ በሚኒባስ ብቻ አያበቃም። ሰርግ ከተጠሩ እንግዳውን ከሙሽራው ጭምር ያሰልፉታል። ቀብር ላይ ጀናዛ ተሸካሚዎችን በፊሽካ ሲያቀያይሩ የታዩ እሳቸው ብቻ ናቸው። አንድ የገበያ ቀን ወደ ባቲ የሚነዱ ግመሎች አስፋልት ሲያቋርጡ «ይቺ ትቅደም፣ ያቺ ትቆይ» ብለው ከባለቤቶቹ ጋር ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም።

አንዋር ቂም ነበረው። አንድ ዓርብ ከጁሙዓ ሶላት ትንሽ ዘግይቶ ቢመጣ «ተራህ አልፏል» ብለው ከጭራ አቆሙት።

«ጋሼ፣ ሶላት ላይ ነበርኩኮ!»

«እኔስ አጠገብህ አልነበርኩ? እንዴት ቀደምኩህ?»

ማሽላው ፍሬ በያዘበት ሰሞን ነው የጋሼ ስልክ የጮኸው። የደወሉት ታላቅ እህታቸው ዘሊካ ነበሩ፤ ከጨፋ ሮቢት። ዘሊካ ሲናገሩ ስልክ የሚያስፈልጋቸው አይመስልም፤ መናኸሪያው በሙሉ ሰማ።

«ወንድምዬ! አንበጣ ገባ! ለማሽላዬ ድረስልኝ!»

ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ዘሊካ ያላቸው ያቺው ማሳ ናት። እሷ ከተበላች የዓመት ቀለባቸው አብሮ ተበላ። ጋሼ ፊታቸው አመድ መሰለ። በከዘራቸው ወደ አንዋር ጠቆሙ።

«ተራህ አይደለም። ግን ንዳ!»

በሕይወታቸው ተራ ያስጣሱት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጨፋ ሲደርሱ የፀሐይዋ ቀለም ተለውጧል። አንዋር መጀመሪያ ደመና መሰለው፤ ደመና ግን እንዲህ አይንሿሿም። ከቦርከና ወንዝ ማዶ ጀምሮ ሰማዩ ራሱ ተነስቶ የሚጓዝ ይመስል ነበር። ያ ሁሉ ክንፍ፣ ቆጥረው የማይዘልቁት፣ ተጠጋግቶ ሲበር አንዱ አንዱን አይገፋም። ዳር ያሉት ሲታጠፉ መታጠፉ ነፋስ እንደነካው ሐር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሮጣል። ፊተኞቹ እህሉ ላይ ሲያርፉ ኋለኞቹ በላያቸው አልፈው ፊተኛ ይሆናሉ። እነሱ ሲያርፉ ደግሞ በልተው የጨረሱት ተነስተው ይቀድሟቸዋል። መንጋው ሜዳውን እንደ አንድ ትልቅ ጎማ ይንከባለልበት ነበር።

ጋሼ ከመኪናው ወርደው አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ።

«ሱብሃነላህ! ተራ ይዘዋልኮ! አለቃቸው የቱ ነው?»

የወረዳው የግብርና ባለሙያ ፋይዛ አፏን በሻርፕ ሸፍና አጠገባቸው ቆማለች። «አለቃ የላቸውም ጋሼ። እያንዳንዷ ልብ የምትለው ጎኗ ያሉትን ነው። እነሱ ሲዞሩ ትዞራለች፣ ሲነሱ ትነሳለች። በቃ።»

«በቃ? ያለ ፊሽካ?»

«ያለ ፊሽካ።»

ጋሼ አላመኑም። አስከባሪ ሳይኖረው እንዲህ ያለ ሥርዓት ከተገኘ የእሳቸው ዕድሜ ምን ሊባል ነው?

የሰፈሩ ሰው ጀሪካን፣ ቆርቆሮና ጅራፍ ይዞ ወደ ማሳው ይጎርፋል። ጋሼ ፊሽካቸውን ነፉና ሰዉን ለሁለት ከፈሉት። «በተራ! መጀመሪያ የቀኙ ይጩህ፤ የግራው ይጠብቅ!»

የቀኙ ጮኸ። አንበጣው ብድግ ብሎ ተራውን በጨዋነት ከሚጠብቀው ከግራው ሰልፍ ፊት አረፈ። የግራው ሲጮህ ወደ ቀኙ ተመለሰ። መሀል ላይ ማሽላው ሲቀረጠፍ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ይመስላል።

«አንተ ሙሀመድአሚን!» ዘሊካ ናቸው። «አንበጣ ነው ተሳፋሪ? እህሌን በተራ ልታስበላው ነው?»

ይህን ብለው ድስታቸውን በጭልፋ እየደበደቡ ወደ ማሳው ገቡ። አጠገባቸው ያለችው ሴት ገባች። ከእሷ ቀጥሎ ያለው ጅራፉን አጮኸ። ማንም ማንንም ሳያዝዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሰልፍ ሆኑ። ዳር ያለው ሲታጠፍ መሀል ያለው ታጠፈ። አንበጣው ከፊታቸው እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ተነሳ። የዘሊካ ማሳ ሲጸዳ ኋላ የቀሩት ሮጠው ፊተኞቹን እያለፉ የጎረቤት ማሳ ላይ ቀደሙ፤ ከዚያ የሌላው ጎረቤት። አንዋር ጀሪካኑን እየደበደበ ቀና አለ፤ ከላይ ያ ጎማ ይንከባለላል። ዝቅ ሲል ከታችም ሌላ ጎማ ይንከባለላል፤ ይኼኛው ሰው ነው።

በዓይኑ ጋሼን ፈለጋቸው። ፊሽካቸው ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ አሮጌ ሳፋ በከዘራቸው እየመቱ ግራቸው ያለችውን ልጅ አግድም ያያሉ። ስትዞር ይዞራሉ፤ ስትሮጥ ይሮጣሉ።

«ያለ ፊሽካ!» ይላሉ ለራሳቸው። «ያ ረቢ፣ ያለ ፊሽካ!»

ነፋሱ ሲበረታ መንጋው ከፍ ብሎ ወደ ቆላው ተሻገረ። ከዘሊካ ማሽላ ከግማሽ በላዩ ቆሞ ቀረ። «አልሃምዱሊላህ» አሉ ዘሊካ፣ የወንድማቸውን ግንባር ስመው። «ሁለተኛ ስትመጣ ግን ያንን ፊሽካህን ቤትህ ተወው።»

ሲመለሱ ጋሼ ጋቢና ተቀምጠው ፊሽካቸውን በጣታቸው ያገላብጡ ነበር። ከሚሴ ሊገቡ ሲሉ እንዲህ ጠየቁ፦ «አንዋር፣ እኔ ባልኖር መኪናው ይንቀሳቀስ ይሆን?»

አንዋር መልሱን በጭንቅ ከሚጠብቁት ዓይኖች ዘወር ብሎ መንገዱን አየ። «የት ይንቀሳቀሳል ጋሼ! እርስ በርሳችን ተበላልተን እናልቅ ነበርኮ።»

መናኸሪያው ሲደርሱ ሚኒባሶቹ ከጠዋት ጀምሮ፣ እያንዳንዱ ሾፌር ፊቱ ያለውን እያየ፣ አንድም ተራ ሳይዛነፍ ሲወጡ ውለዋል። አንዋር ይህን ከጋሼ እንዴት እንደሚደብቅ ሲጨነቅ ዞር አለ። አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አስደግፈው ያንኮራፋሉ።

«ኮምቦልቻ! ኮምቦል...» እያለ የመጣ ማስረሻ የተባለ ሾፌር በመስኮቱ ሲያያቸው ድምፁን ዋጠ። «ተራህ ደረሰ፤ ጫን» አለ በሹክሹክታ።

«እለፈኝ» አለ አንዋር በእጁ።

ማስረሻ ጥሩምባ ሳይነፋ ወጣ። ከኋላው ያለው እሱን አይቶ ሳይነፋ ወጣ፤ ቀጣዩም እንዲሁ። ረዳቶቹ በጣት ይጠራሉ፤ ተሳፋሪውም ባልተለመደ ጭምትነት በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋል። ጎማዎቹ ይዞራሉ። ይህን ለጋሼ የሚነግር ግን በመናኸሪያው ውስጥ አልነበረም፤ ማንም ሳያዝዝ ሁሉም ተስማምቷል።

አንዋር ሞተሩን አጥፍቶ መሪው ላይ ተደገፈና፣ ጋሼ መቼ እንደሚተኙ በመጨረሻ ለማወቅ፣ ሰዓቱን አየ። አሥራ አንድ ከሩብ።