መወሰን የማይሆንላቸው አቶ ቢያድግልኝ

በየመሥሪያ ቤቱ ትልቅ ውሳኔ የሚወሰንበት አንድ ወንበር አለ፤ በወንበሩም ላይ በዕድሜው ምንም ወስኖ የማያውቅ አንድ ሰው ይቀመጣል። የእኛው ክቡር አቶ ቢያድግልኝ ይባላሉ፤ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊ ናቸው። ዝውውር ሲከለክሉም እድገት ሲነፍጉም ከባለጉዳዩ ብሰው ያዝናሉ። «በእኔ ቢሆን ኖሮ እኮ…» ይላሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። ድሮ ያስቸገራቸው ኮሚቴው ነበር፤ ቀጥሎ መመሪያው መጣ።

ካቻምና ደግሞ ኮምፒውተራቸው ላይ «ኤክስፐርት ሲስተም» የሚባል ነገር ተጫነላቸው። የባለሙያዎች እውቀት ተሰብስቦ የገባበት ፕሮግራም ነው፤ የሠራተኛውን ትምህርት፣ የአገልግሎት ዘመንና የቤተሰብ ሁኔታ ሲነግሩት ማን ቢዛወር፣ ማን ቢያድግ እንደሚሻል ከነምክንያቱ ያቀርባል። አሠልጣኙ «ይሄ ይመክራል፤ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ» ብሎ ደጋግሞ ነግሯቸዋል። አቶ ቢያድግልኝ የንግግሩን የመጀመሪያ ግማሽ በሚገባ ሰምተዋል። የመዝገብ ቤቷ ፅዮን ለእህቷ ሠርግ ፈቃድ ስትጠይቃቸው እንኳ ወደ ኮምፒውተሩ ዘወር ብለው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ፕሮግራሙ ስለ ፈቃድ የሚያውቀው ነገር የለም።

ታዲያ ወደ ራቤል በኩል ያለ አንድ ሩቅ ጤና ጣቢያ አዋላጅ አጣ። ሲስተሙ ከእኛ አዋላጆች ጌታነሽን መረጠ፤ ያላገባች፣ ልጅ የሌላት፣ ለዝውውር የማታስቸግር። ዓይናቸው የጠፋ እናቷን ብቻዋን እንደምትጦር አያውቅም፤ ስለ እናት የሚጠይቅበት ቦታ የለውም። አቶ ቢያድግልኝ ግን ያውቃሉ። እናትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ በየእሑዱ ያያሉ። ዝውውሩ ግን ተጻፈ።

ጌታነሽ ሽማግሌ ላከች። አለቃ ተክለጻድቅ ሁለት ሰዎች አስከትለው፣ የበግ ጠጉር ባናቸውን እንደደረቡ ቢሮ ገቡና ቆሙ።

«አለቃ፣ አረፍ ይበሉ እንጂ!»

«የመጣንበት ሳይሆንልን አንቀመጥም» አሉ አለቃ።

«በእኔ ቢሆን ኖሮ እኮ… እሱ ነው» ብለው አቶ ቢያድግልኝ ስክሪኑን አዞሩላቸው።

አለቃ አልሳቁም። «እንግዲያስ ለእሱ እንንገረው» አሉና ጥምጣማቸውን አስተካክለው ኮምፒውተሩን መለመን ጀመሩ። «ጌታዬ፣ የመጣነው ስለ አንዲት እናት ነው። እሳቱን ዳብሳ ነው የምታነድ። ልጅቱ ከሄደች፣ ከእሳቱ ፈቀቅ በይ የሚላት የለም…»

ልመናው መሐል ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ጠቆረ።

«ተኛ እንዴ?» አሉ አለቃ ቅር ብሏቸው። አቶ ቢያድግልኝ ተሽቀዳድመው ማውሱን ነቀነቁት።

ወንበሩ አጠገባቸው ሳለ አለቃ እንደቆሙ ናቸው። ሽማግሌ አልቀመጥም ብሎ ከለመነ በኋላ ተቀመጥ ብሎ ያስቀመጠው ሰው እሺ ብሏል ማለት ነው፤ በአገራችን ይህን የማያውቅ የለም። ኮምፒውተር ደግሞ ተቀመጡ አይልም። አቶ ቢያድግልኝ አፈሩ። ፈሩም፤ ጌታነሽ ከቀረች ሌላ ሰው መሄዱ አይቀርም፤ በዚያ ጤና ጣቢያ ደጅ ምጥ የያዛት ሴት አለች።

«ይቀመጡ፣ አለቃ» አሉ ወንበሩን አስጠግተው።

«እሺ አልከን?»

«አልኩ፣ አባ።»

ተቀመጡ። አቶ ቢያድግልኝ በዚያ ብርድ ላብ አጥምቋቸው ነበር።

ሲስተሙ በሁለተኛነት ያስቀመጠው አርሴማን ነው፤ ባለፈው ጥር የተዳረች አዋላጅ ናት። ደብዳቤ ልኮ ዝም ማለት ይቻል ነበር። እሳቸው ግን በማግስቱ በእግራቸው ቤቷ ድረስ ሄዱ።

«ያ ሲስተም የሚሉት ነው አይደል የመረጠኝ?» አለች አርሴማ እንባዋ እየቀደማት።

«የለም፣ እኔ ነኝ። ጌታነሽ እናቷን ለማን ትተዋለች? አንቺን ባልሽ ሊከተልሽ ይችላል። አመዛዝኜ አንቺ ላይ ፈርጄብሻለሁ፤ ከተቀየምሽም እኔን ተቀየሚ።»

ያወረደችባቸውን ስድብ እዚህ መድገም ነውር ነው። በሯ ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው ሰሟት።

እኛም እሳቸውን ከልባችን መውደድ የጀመርነው ያን ሰሞን ነው። አርሴማ ግን ለበዓል ስትመጣ መንገድ ላይ ፊቷን አዙራ ታልፋቸዋለች። እሳቸው ሁልጊዜ ባርኔጣቸውን አንስተው፣ ቀድመው ሰላም ይሏታል።