ሦስተኛ ፎቅ የሚወጣ አቤቱታ

አገራችን በሽተኛን በመውደድ አትታማም። አንድ ሰው «ልቤን አመመኝ» ብሎ ይተኛ እንጂ፣ ውሃ እንኳ ተነስቶ አይቀዳም። ትራሱን የሚያስተካክልለት፣ ጫማውን የሚያወልቅለት፣ «በሞቴ አይነሱ!» የሚለው ሞልቷል። እኔም ባለፈው ዓመት ልቤ ከድቶኝ ሆስፒታል ከገባሁ በኋላ እንዲህ ተወደድኩ። እናንተ ሆዬ፣ መወደድ እንደሚያደክም የገባኝ ያኔ ነው።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ሚኒባስ ስነዳ ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ፤ የድሮ ተሳፋሪዎቼ ይህን ባያነቡ ይሻላል። በእግሬ ግን ከመኪናው እስከ ሻይ ቤቱ ካልሆነ ብዙም አልሄድኩም። ቤቴ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ነው፤ ከአስፋልቱ ስልሳ ሁለት የድንጋይ ደረጃ ይወጣል። ከሆስፒታል የወጣሁ ዕለት አሥረኛው ላይ ትንፋሼ አጥሮ ቁጭ አልኩ። ልጄ አስቴር ይህን አየችና ኮምቦልቻ ቤቷ ወሰደችኝ። ሜዳ ነው፣ ሙቀት ነው፣ ደረጃ የሚባል ነገር የለም። ታዲያ ምን ጎደለህ አትሉኝም? ደሴ ጎደለችኝ። በር ሲከፈት ሳያስፈቅድ የሚገባው ጉም ጎደለኝ። ነፍሷን ይማረውና ባለቤቴ ደጃፋችን ላይ የተከለችውን ጽጌረዳ ማን ያጠጣው ይሆን እያልኩ፣ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ወደ ሐረጎ የሚወጡትን መኪኖች ሳይ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ሆዴ ይባባ ነበር።

ደሴ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ ስሙን ተዉት፣ ሲስተር ዘሀራ የምትባል ነርስ ለልብ ሕሙማን የማገገሚያ ክፍል ከፈተች ሲባል ሰማሁና ማክሰኞና ሐሙስ መመላለስ ጀመርኩ። ተሳፋሪ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሌለ ፍሬን እየረገጥኩ ነበር የምሄደው። የሲስተር ዘሀራ መድኃኒት እርምጃ ነው። የልብ ምታችንን እየቆጠረች ዛሬ ኮሪደሩን፣ ሌላ ቀን ጥቂት ደረጃ ታስወጣናለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ነው ነገሩ። እዚያ የተዋወቅኳቸው ሐጂ ይማም የደሴ ዙሪያ አትክልት ገበሬ ናቸው። እኔ ቤቴን ስናፍቅ፣ እሳቸው ተዳፋት ላይ ያለውን የካሮት መደባቸውን ይናፍቃሉ። እኔ ከሆስፒታሉ ደረጃ አርባኛው ላይ በደረስኩበት ሳምንት ክፍሉ ተዘጋ። ለስብሰባ ወንበሮች ማስቀመጫ ተፈልጎ ነው አሉ።

አቤት ልንል ተነሣን። የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰሩ ከተበላሸ ሰንብቷል። በየፎቁ እያረፍን ወጣን። ሥራ አስኪያጁ ጨዋ ወጣት ነው፤ ብድግ ብሎ ወንበር ሰጠን።

«አባቶቼ፣ የእናንተ መድኃኒት ዕረፍት ነው» አለን። «ደግሞስ በወሎ ምድር መራመድን ከሆስፒታል የተማረ ማን አለ?»

«ወላሂ ልጄ፣ እኔ የምማረው መራመድ አይደለም» አሉ ሐጂ። «አለመፍራትን ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም። ግን አልጋ ሲገዛ ሪባን ይቆረጣል፣ ማሽን ሲመጣ ፎቶ ይነሣል። አንድ ሽማግሌ አርባ አንደኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ማን መቀስ ይዞ ይጠብቀዋል? ለሪፖርትም አይመች።

እንቢታውን ሲጨርስ ታዲያ ወሎዬነቱ መጣ። ሽማግሌን ብቻውን መስደድ ነውር ነውና እስከ ግቢው በር ሸኘን። ሐጂ ደግሞ የሸኛቸውን ሰው ብቻውን መመለስ አይሆንላቸውም። «ኧረ ብቻህንማ አትመለስም!» ብለው ቀስ እያልን መልሰን ቢሮው አደረስነው። እሱም አላስችል ብሎት እንደገና አወረደን። ሲስተር ዘሀራ ከደረጃው ሥር ቆማ አየችን። የእጃችንን ትርታ ይዛ ሰዓቷን ተመለከተች።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ሐሙስ አቤቱታ ማቅረብ ሥራችን ሆነ። እንወጣለን፣ እንቢ ይለናል፣ ይሸኘናል፣ እንሸኘዋለን። ሲስተር ዘሀራም ከታች ሆና ትቆጥራለች። ወራት አለፉ። አንድ ሐሙስ ቀን ሥራ አስኪያጁ ፊቱ በርቶ ጠበቀንና ሲስተር ዘሀራ ክፍሉ እንዲከፈት ላስገባችው ማመልከቻ የጻፈውን መልስ አነበበልን። «ታካሚዎቹ ያለ ማገገሚያ ክፍሉም ሦስተኛ ፎቅ ድረስ የሚወጡ መሆኑ በተግባር ስለተረጋገጠ፣ ክፍሉን መክፈት አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም።»

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ንዴቴም ተከተለው። አሥረኛው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ የቀረ፣ ቢሮው ድረስ ወጥቶ መለመን እንኳ የማይችል ስንት ሰው አለ? ይህን ልናገር አፌን ስከፍት እሱ ሊሸኘን ተነሥቶ ነበር። ስንመልሰው ሁለተኛው ፎቅ ላይ የደረጃውን ብረት ጨብጦ ቆመ፤ ያለከልካል።

«አብሽር ልጄ፣ ቀስ በል» አሉት ሐጂ። «ማክሰኞ እንመጣለን። እኛስ ደኅና ነን፤ ላንተ ስንል ነው።»

በማግስቱ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ሐጂ ቤቴ ድረስ ሸኙኝ። አሥረኛው ላይ አልተቀመጥኩም። አርባኛው ላይ ትንሽ ዐረፍን። ስልሳ ሁለተኛው ላይ ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁ። ጽጌረዳው ደርቋል። አለቀስኩ፣ ምን እዋሻችኋለሁ። ሐጂ ወደ ጦሳ ዞረው ያላዩ መሰሉ። ከዚያ ገባሁና ዓመት ሙሉ የናፈቅኳት ወንበሬ ላይ ገና ቁጭ ከማለቴ፣ «በሉ እንግዲህ፣ እኔ ልውረድ» አሉ።

ብቻቸውን?

ቤቴን መልሼ ቆለፍኩ።