በመኪና የተበራየ ግብጦ

ግንቦት ሲገባ ዳኘውን ማየት አልወድም። በሌሎቹ ወራትም አልወድም፤ ግንቦት ላይ ግን ይብስብኛል። በየቀኑ አየዋለኋ! ጎህ ሲቀድ መኪናውን ሃይፋ፣ ኔቬ ዮሴፍ ሰፈር፣ ደጃፌ ላይ ያቆምና ጥሩምባውን ይነፋል። እኔ ገና ጫማዬን ሳላስር ባለቤቴ ብርቱካን በመስኮት ብቅ ትላለች። "አያ ዳኘው፣ እንደምን አደሩ? ምን ያማረ ባርኔጣ ነው!" ትለዋለች። እሱን አንቱ፣ እኔን አንተ። ባርኔጣው እኮ የእኔው ዓይነት ነው። ክርያት ቢያሊክ ከተማ ሄደን፣ ከአንድ ሱቅ፣ አብረን የገዛነው። የእኔን አምሮብሃል ያለኝ ሰው እስካሁን አልተገኘም።

ሥራችንን ላስረዳችሁ። ካርሜል ተራራ በተቃጠለ ቁጥር መልሶ የሚያለብሰው ዘር ያስፈልጋል። ከሌላ አገር የመጣ ዘር አይሆንም፤ እዚያው ተራራው ላይ የበቀለ መሆን አለበት። ስለዚህ በጋ በመጣ ቁጥር እየዞርን የዱር አበባ ዘር እንለቅማለን። ጥቂቱን ወስደን ብዙውን ለተራራው እንተዋለን። የወሰድነውን እናደርቃለን፣ እንወቃለን፣ እናበጥራለን። የእኔና የዳኘው ድርሻ የዱር ግብጦ ነው። አዎ፣ የዚያ ጎጃሜ ከአረቄ ጋር የሚቆረጥመው ግብጦ ዘመድ። የዚህኛው አበባ ሰማያዊ ነው፤ ቅርፊቱ ፀጉር አለው። ፀሐይ ከበረታችበት ቅርፊቱ ጧ ብሎ ይፈነዳና ዘሩን የትም ይበትነዋል። በጤዛ የምንወጣው ለዚህ ነው።

ባዮሎጂ የተማረ ሰው ግብጦ ለቀማ ምን አስወጣው ትሉኝ ይሆናል። እኔም እላለሁ።

ከዳኘው ጋር አንድ ዩኒቨርሲቲ ተምረናል። የመመረቂያ ሥራችንንም አብረን ሠራን፤ ስለ ዘር ነበር። ልናቀርብ ስንል እኔን ሚሉኢም ጠሩኝ። የተጠባባቂ ጦር ግዴታ ነው፤ ፈተና አለብኝ፣ ሠርግ አለብኝ አይባልም። እኔ በረሃ ላይ ባዶ በርሜሎች ስጠብቅ፣ ዳኘው ሸሚዝ ተኩሶ ብቻውን አቀረበ። ስመለስ ፕሮፌሰሩ መተላለፊያው ላይ አገኙኝና "የዳኘውን ሥራ አየኸው? ግሩም ነው!" አሉኝ። የዳኘውን ሥራ! ሄጄ ዳኘውን ያዝኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ስምህን ጠርቻለሁ እኮ። ስላልነበርክ ነው ያልሰማኸው።"

ከዚያ ወዲህ ዓለም ለእሱ ተከፈተችለት። የለቃሚዎች አለቃ ሆነ። እኔ በጋ በጋ ከእሱ ሥር እለቅማለሁ፤ ክረምት ክረምት የገበያ አዳራሽ በር ላይ ቦርሳ እፈትሻለሁ። ቦርሳው ውስጥ ያለው ሽንኩርት ከየትኛው የእፅዋት ቤተሰብ እንደሆነ ከነሳይንሳዊ ስሙ አውቀዋለሁ። የጠየቀኝ ሰው ግን የለም።

ይህን ሰው እንኳን ሰው፣ የዱር አሳማም ይወደዋል። ሃይፋን የማታውቁ ላትያምኑኝ ትችላላችሁ፤ እኛ ሰፈር አሳማ ከነቤተሰቡ ከሸለቆው ይወጣና የቆሻሻ ገንዳ ይገለብጣል። አንድ ማለዳ ደረጃ ላይ አንዱ ገጠመኝ። እኔ ሮጥኩ። እሱም ሮጠ። ክፋቱ አቅጣጫችን አንድ መሆኑ ነው። ጎረቤቶቼ አሁንም ሲያወሩት እንባቸው ይፈሳል። በሌላ ቀን፣ እዚያው ደረጃ ላይ፣ ዳኘውን ገጠመው። ዳኘው ባርኔጣውን አንሥቶ "ይለፉ ጌታዬ" ብሎ ገለል አለለት አሉ። አሳማውም አለፈ። ይህንንም ያወሩታል። በአድናቆት።

እንግዲህ ዘንድሮ ኦርና፣ የሁላችንም አለቃ፣ ሁለታችንን ጠራችን። ዘሩ የሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ክፍል ኃላፊ ይፈልጋል አለች። ሥራው ቅቪዑት አለው፤ ቋሚ ነው ማለት ነው፣ በጋው ሲያልቅ ደህና ሁን የማይባልበት። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትሆናላችሁ፤ መጀመሪያ ግን የየራሳችሁን ግብጦ አጽዱና አምጡ፣ በመከር፣ ዝናብ ሲጀምር፣ ዘርተን እናያለን አለች።

ልቤ ዘለለ። ቦርሳ ፍተሻ ደህና ሰንብት! ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ዳኘውን ማሸነፍ!

የእኔን ግብጦ ቤቴ ወሰድኩት። በረንዳ ላይ ተቀምጬ እያንዳንዱን ቅርፊት በጣቴ ፈለፈልኩ። በወንፊት ነፋሁ። በሰፌድ አበጠርኩ። በንጹሕ ጨርቅ ወለወልኩ። ብርቱካን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስታየኝ ቆየችና "ልጆቻችንን እንዲህ ብታጥባቸው ምን ነበረበት?" አለችኝ። ዘሩ እንደ መቁጠሪያ ያበራ ነበር።

ዳኘውስ? አንድ ዓርብ ነሸር ከተማ ወዳለው የዘር ማድረቂያ ግቢያችን ስገባ ምን አየሁ! ግብጦውን አስፋልት ላይ ዘርግቶ፣ ሸራ አልብሶ፣ መኪናውን ወደፊት ወደኋላ ይነዳበታል። ያበራያል! አውድማ ላይ እንዳለ ያንጎራጉራል ደግሞ። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ። በቀጥታ ወደ ኦርና በረርኩ። "ሰውየው የተራራውን ቅርስ በጎማ እየረገጠ ነው!" አልኳት። መጣች። ዳኘው በመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ አባቴ በሬ ነበረው፣ እኔ ያለችኝ ይህችው ናት አላት። ኦርና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሁልጊዜ ይስቁለታል። "ቤሰደር" አለች፣ እሺ ማለቷ ነው፤ "ሲዘራ እንተያያለን።"

መከር ደረሰ፤ በየሣጥናችን አፈር ላይ ተዘራ። የዳኘው ቶሎ ብቅ አለ። ከዚያ ሣጥኑ በአረንጓዴ ተጨናነቀ። የእኔ አፈር ነው። ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ አጎነብሳለሁ። አፈር ነው። ማንም በሌለበት አናግሬውም ነበር፤ ምን እንዳልኩት አትጠይቁኝ።

ምክንያቱ እኮ አይጠፋኝም! የግብጦ ቆዳ ጠንካራ ነው። ካልተጫረ ውኃ አያስገባም፤ ውኃ ካልገባ ዘሩ ይተኛል። የዳኘው ጎማ ጫረለት። የእኔ ጣት አባበለው። ይባስ ብሎ ዳኘው በሰው ፊት ትከሻዬን አቅፎ "ይህን ያወቅሁት ከእሱ ነው፤ በመመረቂያ ሥራችን ላይ ስለ ዘር ቆዳ ያለውን ምዕራፍ የጻፈው እሱ ነው" አለ። አያችሁት? ስሜን በሰው ፊት መጥራት የታየው እኔ በተሸነፍኩ ዕለት!

ቦርሳ ፍተሻዬን እያሰብኩ ኦርና ቢሮ ገባሁ። ተቀመጥ አለችኝ። ቀዝቃዛው ክፍል ሳይነቃ ለዓመታት የሚቆይ ዘር ነው የሚፈልገው፤ የተጫረው የዳኘው ዘር አይቆይም፣ ዛሬውኑ ተራራው ላይ መዘራት አለበት አለች። አንድም ጭረት የሌለበት ዘር ካንተ በቀር ያመጣልኝ የለም አለች። ሥራው የአንተ ነው አለች።

የእኔ!

ወዳጆቼ፣ በዚያች ሰዓት የታየኝ ደመወዙ አይደለም። የዳኘው ፊት ነው። ሮጬ ወጣሁ። ዳኘው መኪናው ውስጥ ይጠብቀኛል። ቀስ ብዬ ገባሁ፤ ቀስ ብዬ ነገርኩት። ከዚያ ፊቱን ትኩር ብዬ አየሁ።

"እልል በል!" ብሎ ጥሩምባውን ነፋው። "እንኳን ደስ ያለህ ወንድምዓለም! እኔማ ያን ፍሪጅ ለእኔ እንዳትሰጠኝ ስንት ጊዜ ለመንኳት መሰለህ። ቀኑን ሙሉ በካፖርት? እኔ ተራራዬን!"

ዓይኑን አየሁ። ከንፈሩን አየሁ። ምናልባት ተደብቆ እንደሆነ ብዬ አንገቱን ሁሉ አየሁ። ከደስታ በቀር ምንም የለም። እስከ ቤቴ ድረስ እያፏጨ አደረሰኝ።

ይኸው አሁን ካፖርቴን ለብሼ፣ ቋሚ ሆኜ፣ ዘሬን እጠብቃለሁ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቀንቼበታለሁ። እሱ አንዲት ከሰዓት በኋላ እንኳ ሊቀናብኝ አልፈቀደም። እንዲህ ያለ ጨካኝ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?