የመሪጌታ ሁለተኛ ዓይን

እኔ ሰው ፊት ለፊት መሳል አልችልም። ይህን መጀመሪያውኑ ልንገራችሁና እንጫወት። ሰውየው ወደ ጎን ዞር ካለልኝ ግን ማንም አይችለኝም። አፍንጫ፣ ከንፈር፣ አገጭ፣ አንድ ዓይን፤ አለቀ። ጣጣው ያለው ሁለተኛው ዓይን ላይ ነው። የመጀመሪያውን አሳምሬ ሠርቼ ሁለተኛውን ስጨምርበት ሰውየው ወይ ይሰክራል ወይ ይደነግጣል። ምን ላድርግ? እርግፍ አድርጌ ተውኩት።

የሚያስቀው ደግሞ እንጀራዬ ጉርድ ፎቶ መሆኑ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ አንዲት ፎቶና ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ቀኑን ሙሉ «ቀና ይበሉ፣ ሁለቱም ጆሮዎ ይታይ» ስል እውላለሁ። ደንበኛ ሲጠፋ ስልኬን አወጣና ባለ አንድ ዓይን ሰው እስላለሁ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼ አይደል?

የምስለው በስልክ የሚነበብ የሥዕል ታሪክ ነው። ኔትዎርክ ከፈቀደ በየቅዳሜው አንድ ክፍል በቻናሌ እለቃለሁ። ዋናዎቹ ባለታሪኮች ሁለት ናቸው፦ የኔታ ክበበው የሚባሉ ሽማግሌ የቤተ ክህነት መምህርና ድንቄ የምትባል አህያቸው። የኔታ ገበያ ሲሄዱ መንገዱን ሙሉ ለድንቄ ይሰብኩላታል፣ ይገሥጿታል፣ ሲጨንቃቸውም ያማክሯታል። ድንቄ አንድ ቃል ተንፍሳ አታውቅም። ዝም ብላ ወደ አንባቢው ታያለች። ሰዉን የሚያስቀው እሱ ነው።

አዎ፣ ድንቄ ፊት ለፊት ታያለች። አህያ ይቀለኛል። ሁለት ትልልቅ ዓይን፣ ከላይ ሁለት ትልልቅ ጆሮ። ዓይኗ ቢንሸዋረርስ? አህያ ናት፣ ማን ይከሰኛል? እንዲህ ብዬ ነበር እኔ ሞኙ።

መቼም የኛ አገር አንባቢ አያነብም፤ ያርማል። አንዴ የኔታን በሐምሌ እህል ሲያስወቁ ሣልኳቸው። ከሽንዲ አንድ ገበሬ ምን ብሎ ቢጽፍልኝ ጥሩ ነው? በዚያ ዝናብ አውድማ ላይ የቆሙት በሬዎች እንኳ ያሳዝኑህ፣ ቢያንስ ጃንጥላ ያዝላቸው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ድንቄን ጭኜ ማራገፉን ረሳሁት፤ ለአራት ሳምንት ጭነት ተሸክማ ቆመች። አንዲት የቡሬ ሴት በየሳምንቱ «ኧረ አራግፍላት!» እያለች ትጽፋለች። በመጨረሻ የራሴን ጀርባ አመመኝ አለች። ባራገፍኩላት ቀን የመረቀችኝን ምርቃት እናቴም መርቃኝ አታውቅም። ከገበዝ ማርያም ደግሞ አንዱ በቁም ነገር አህያዋ ትሸጣለች ወይ ብሎ ጠይቆኛል።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ማስተዋል ትባላለች። ማንኩሳ መምህርት ናት። መጀመሪያ የተዋወቅነው በኮሜንት ነው፤ እሷም ስታርመኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስታርመኝ ቆየችና ያለ እሷ እርማት መኖር እንደማልችል ገባኝ። ወደድኳት በቃ! አባቷ መሪጌታ ይባቤ ይባላሉ፣ በቅኔያቸው የተከበሩ ሰው ናቸው። ገና እሷን ሳላውቃት፣ አንድ ቀን ሱቄ ወረቀት ሊያባዙ መጥተው አይቻቸዋለሁ። አፍንጫ ካሉ አይቀር የእሳቸው ነው! ቀጥ ብሎ ወርዶ ጫፉ ላይ ሐሳቡን ይለውጣል። ጭራቸው፣ የተጣፈ ጃንጥላቸው፣ ሲገሥጹ የሚያነሡት ቅንድብ። እንዲህ ያለ ሰው አይቶ ማን ዝም ይላል? የኔታ ክበበውን የወለድኩት ያን ቀን ነው። በፍቅር ነው የሣልኳቸው፣ እመብርሃንን!

ጾም ሳይገባ ሽማግሌ ላክሁ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ ታምሩ ናቸው፤ የሱቄ ጎረቤት፣ የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ ተናግረው ከባድ ነገር የሚያቀልሉ ሰው። ሁለት ጓደኞቻቸውን ይዘው ማንኩሳ ወረዱ። ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። ፊታቸውን ሳየው የያዝኩትን ደንበኛ ነገ ና አልኩት።

አያ ታምሩ እንደነገሩኝ፣ እንደ ወጉ የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ጉዳዩን ተናገሩ። መሪጌታም በጥሞና ሰሙና አንዲት ጥያቄ አለችኝ አሉ። የማስተዋልን ስልክ አስመጡና የየኔታን ሥዕል አሳዩአቸው። አፍንጫው የኔ ነው፣ ጭራውም የኔ፣ ጃንጥላውም እስከ መጣፊያው የኔ ነው አሉ። መሣሌን አልጠላሁትም፤ ለመሆኑ ስንት ዓይን ይታያችኋል? ሽማግሌዎቹ አንድ አሉ። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በአንድ ዓይን የሚሣለው ማነው? አሉ መሪጌታ።

መልሱን ሽማግሌዎቹ ያውቁታል። እናንተም ታውቁታላችሁ። በኛ ቤተ ክርስቲያን ጻድቅ ሙሉ ፊቱን ሰጥቶ በሁለት ዓይኑ ያያል። ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይን የሚቀረው ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው፣ ጌታን የገረፉት ጭፍሮች ናቸው። ማንም አላስተማረንም፤ እያየነው አድገናል። እኔስ ስንት ዓመት በዚያ ግድግዳ ሥር ቆሜ ሳስቀድስ ዓይኔ የት ነበር?

መሪጌታ ግን አላበቁም። አህያዋስ ስንት አላት? ሁለት። መልካም፣ አህያዋ ከጻድቃን ማኅበር፣ እኔ ከይሁዳ ጋር። እንዲህ አድርጎ ለሚያየኝ ሰው ልጄን ልስጥ? አሉ። ሽማግሌዎቼ ቁጭ ሳይሉ ተመለሱ። አህያ የለኝም፣ ከጅብ አልጣላም ይላል ሰው። እኔን ያጣላችኝ አህያዬ ናት።

ያን ዕለት ሱቄን ዘግቼ የሁለት ዓመት ሥዕሌን ሁሉ ገልብጬ አየሁት። የምወዳቸው ሰዎች በሙሉ ከይሁዳ ወገን ናቸው! ጎረቤቶቼ፣ ጓደኞቼ፣ እናቴ ሳትቀር። ለካ እናቴ አንድ ጊዜ ሥዕሏን አይታ «ልጄ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» ብላኝ ነበር። የቀለደች መስሎኝ ስቄ አለፍኩ። ለካ የጠየቀችኝ ከልቧ ኖሯል።

ማስተዋል ደወለች። ግማሹን ታለቅሳለች፣ ግማሹን ትስቃለች። ለአባቷ ያሳየቻቸው ራሷ ናት፤ ደስ ይላቸዋል ብላ መነጽራቸውን ሳይቀር አድርጋላቸው። ድንቄ ጋ እስኪደርሱ ድረስ እየሳቁ ነበር አለችኝ። አሁን ችግሩ፣ ከቡሬ የአንድ መምህር ሽማግሌዎች ለመጪው እሑድ ቀጠሮ ይዘዋል። ሰውየው ሥዕል የሚባል ነገር አይሞክርም፤ ስለዚህ ምንም ጥፋት የለበትም። እስከ ቅዳሜ ዓይን ሥራ አለችኝና ስልኩን ዘጋች።

ሠራሁ። የመጀመሪያው መሪጌታ የሰከሩ መሰሉ። ሁለተኛው ጅብ ያዩ መሰሉ። ስድስተኛው ላይ ዓይናቸው ደህና ሆነና አፍንጫቸው ጠፋ። ያ አፍንጫ ከፊት ሲታይ ምን እንደሚመስል ለካ አላውቅም! ሐሙስ ዕለት ተስፋ ቆረጥኩና ነገሩን እንዳለ ለአንባቢዎቼ ጻፍኩት፤ ሁለተኛው ዓይን አቅቶኛል፣ ሚስት ሊያሳጣኝ ነው፣ እርዱኝ።

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እንዲህ ያለ ሕዝብ የት አለ? የሽንዲው ገበሬ ወዲያው መለሰ፤ በሁለት ዓይን መሃል ልክ አንድ ዓይን ይገባል፣ በሬዬን ለክቼ ነው አለ። የቡሬዋ ሴት የራሷን ጉርድ ፎቶ ላከች፤ እያየህ ሥራ፣ ባሌም ፈቅዷል አለች። እሷን ያየ ሁሉ የየራሱን ጉርድ ፎቶ ይልክልኝ ጀመር። ቻናሉ ቀና ባለ፣ ሁለት ጆሮው በሚታይ ሰው ተሞላ። ጠጋ ብዬ ሳይ የብዙዎቹን ያነሣሁት እኔው ነኝ! መልሱ ስንት ዓመት መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። በዚያ ላይ ከዚህ በፊት የሣልኳቸው ሁሉ ለኔም ጨምርልኝ ብለው ተነሡ። አንዱማ በታሪኩ ውስጥ ላለው ለእህል ሌባው አማለደ፤ ንስሐ ቢገባ አንድ ዓይን አይገባውም ወይ?

ቅዳሜ ማታ ጨረስኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንዱ ዓይን ማንኩሳን ያያል፣ ሌላው ቡሬን። ግን ሁለት ነው። እሑድ በጠዋት፣ የቡሬዎቹ ሳይደርሱ፣ አያ ታምሩ ሁለቱን ጓደኞቻቸውን አስከትለው ስልኬን እንደ ጽላት በሁለት እጃቸው ይዘው ሄዱ።

መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩ። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል። እኔን አይመስልም አሉ መሪጌታ። አያ ታምሩ ላብ አጠመቃቸው። ጭራሽ አይመስልም፣ ግን ይኼ ልጅ እኔን ለማጽደቅ እንዴት ያለ መከራ አይቷል አሉ። ከዚያ ሳቁ፤ ጥምጥማቸው እስኪላላ ሳቁ። ስለኔ እንዲህ የደከመ ለልጄም ይደክማል ብለው በእጃቸው መደቡን አሳዩ። «በሉ ተቀመጡ» አሏቸው።

ተጋባን። እነሆ ዓመት አለፈን። ዛሬ ታሪኩን አብረን ነው የምንሠራው። ሰው ሁሉ ሁለት ዓይን አለው። እኔም ራሴን አስገብቻለሁ፤ ያው የሚያምረውን፣ ሙሉ ፊት፣ ዓይኔ እንደ መስታወት የጠራ። ባለፈው ግን መሪጌታ ማኅበር ደግሰው በጠዋት መጥቼ ውኃ እቀዳለሁ፣ ድንኳን እተክላለሁ ብዬ ምዬ ስሥል ረፈደብኝ፤ የደረስኩት ሰው በልቶ ሲነሣ ነው። ማስተዋል አንዲት ቃል አልተናገረችኝም። የጎጃም ሴት ዝም ስትል ፍሩ!

ቅዳሜ ቻናሉን ከፈትኩ። ክፍሉን የለቀቀችው እሷ ናት። የኔታ ሙሉ ፊት፣ ድንቄ ሙሉ ፊት፣ ሌባው ሳይቀር ሙሉ ፊት። እኔ ብቻ ወደ ጎን ዞሬ፣ በአንድ ዓይኔ ድግሱን አያለሁ። ከሥሩ ሰው ሁሉ ይንጫጫል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በቅርቡ ስልክ የገዙት መሪጌታ፣ በሕይወታቸው የመጀመሪያዋን ኮሜንት ጽፈዋል፦

«አሁን መሰለ።»