የግራ ጉልበት አጣሪ ኮሚቴ

ታላላቅ መሥሪያ ቤቶች የሚታወቁት ሠራተኛ ሲጎዳባቸው ዝም ብለው ባለማየታቸው ነው፤ ስብሰባ ይጠራሉ። ይህ መሥሪያ ቤት ደግሞ ከታላላቆቹም የላቀ ስለነበረ፣ አንድ ጉልበት ቢያብጥ ሰባት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ከሰባቱ አንዳቸውም በሕይወታቸው ሮጠው አያውቁም። ይህም ለገለልተኛነታቸው ሲባል ነው።

ጉልበቷ ያበጠው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ናት። ቀኑን ሙሉ «ያንን ፋይል አምጪ፣ ይህንን መልሺ» እየተባለች ትውላለች፤ ፋይል አምጪ የሚላት ሰው የማይደርስባት ስትሮጥ ብቻ ነው። በየዓመቱ በመሥሪያ ቤቶች መካከል የአሥር ኪሎ ሜትር ውድድር ይካሄዳል። የእሷ መሥሪያ ቤት በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ዋንጫ ቀርቶ የተሳትፎ ወረቀት እንኳ በወጉ ይዞ አልተመለሰም። ዘንድሮ ግን «ዋንጫውን እኔ አመጣዋለሁ» ብላ ለራሷ ቃል ገብታለች። ለማንም አልተናገረችም፤ እንዲህ ያለ ቃል በመሥሪያ ቤቱ አሠራር መሠረት በቅድሚያ መጽደቅ አለበት።

የመሥሪያ ቤቱ የሩጫ ቡድን ልምምድ የሚካሄደው ጠዋት ጠዋት፣ ከሥራ መግቢያ በፊት፣ በመኪና ማቆሚያው ግቢ ውስጥ ነበር። ግቢው ጠባብ፣ አስፋልቱ ለውኃ መውረጃ ተብሎ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ፣ ማዕዘኖቹም ሹል ናቸው። እሷን ጨምሮ አሥራ አንዱ ሯጮች በቀን አርባ ዙር ይዞሩበታል፤ ሁልጊዜም ወደ ግራ። ምክንያቱም አስፋልቱ ላይ በነጭ ቀለም ቀስት ተሥሏል፤ ቀስቱም የሚያሳየው ወደ ግራ ነው።

«አንድ ቀን እንኳ ገልብጠን ብንዞር ምን አለበት?» አለችው የቡድኑን አለቃ። እሱ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ነው፤ ሲሮጥ ቶሎ ቶሎ ስለሚቆም «ፍሬን» ይሉታል።

«ቀስቱን አላየሽም?»

«ቀስቱ ለመኪና ነው እኮ።»

«እና አንቺ ከመኪና ትበልጫለሽ?»

እሷም ወደ ግራ ዞረች። ወር ሳይሞላ የአሥራ አንዱም ግራ ጉልበት ታመመ። ዋና ኃላፊው አንድ ጠዋት በመስኮታቸው ቁልቁል ቢያዩ፣ አሥራ አንድ ሰው በአንድ እግሩ፣ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ስልት ያነክሳል። ልባቸው ተነካ። «ቡድን ማለት ይህ ነው» አሉ።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ግን ደረጃ መውጣት ሲያቅታት አቤቱታ ጻፈች፤ ኮሚቴው የተወለደው ከዚህ አቤቱታ ነው። የመጀመሪያውን ስብሰባ ዋና ኃላፊው ሲከፍቱ «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ!» ብለው ጀመሩና፣ ስለ ሥር ሃምሳ ደቂቃ፣ ስለ ውኃ ደግሞ አንድ ሰዓት ተናገሩ። ስለ ጉልበት ለመናገር ጊዜ አልበቃም።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ኮሚቴው ቀስቱን ትቶ ጫማ ላይ ወደቀ። የአሥራ አንዱም ግራ ጫማ ለምርመራ ተሰበሰበ። በቀኞቹ ላይ የቀረበ ቅሬታ ስለሌለ ለባለቤቶቻቸው ተተዉላቸው፤ ልምምዱም እንዳይስተጓጎል በጥብቅ ታዘዘ። ፍሬን በግራው የቤት ነጠላ ጫማ አድርጎ አርባ ዙር ዞረ፤ አልቆመም፤ ነጠላ ጫማው ግን በአሥረኛው ዙር ላይ ቆሟል።

እሷ በዚህ መሃል ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሄደች። ባለሙያዋ ጉልበቷን ዳሰሰች፤ በአንድ እግሯ አቁማ አየቻት፤ «የት ነው የምትሮጪው?» ብላ ጠየቀቻት። ቀስቱን፣ ማዕዘኑን፣ አርባውን ዙር ነገረቻት።

«ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን?»

«ሁልጊዜ።»

«በይ ስሚኝ። ሁለት ሳምንት ታርፊያለሽ። ከዚያ አፈር መንገድ ላይ፣ ቀጥ ብለሽ፣ ከትንሽ ጀምረሽ ቀስ በቀስ ትጨምሪያለሽ። የዳሌሽን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴም አሳይሻለሁ። እንደዚሁ ከቀጠልሽ ግን ውድድሩን እርሺው፤ መሮጡንም ልታቆሚ ትችያለሽ።»

የመጨረሻዋ ቃል አስፈራቻት። በማግስቱ ይህንኑ ለኮሚቴው ብትናገር፣ ጸሐፊው በትዕግሥት ሰምቶ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ምክንያቱን ያገኘችው ባለሙያዋ ናት?»

«አዎ።»

«በስንት ጊዜ?»

«በሩብ ሰዓት።»

ሰባቱ እርስ በርስ ተያዩ። እነሱ አምስት ሳምንት የደከሙበትን ነገር በሩብ ሰዓት የሚያገኝ ሰው ጥንቃቄ እንደሚጎድለው ግልጽ ነበር። ቃሏ አልተመዘገበም። ሦስት ቀን ከልምምድ የቀረ ከቡድኑ እንደሚሰረዝም አስታወሷት።

እሷም የዓመት ፈቃዷን ወሰደች፤ ፈቃድ ላይ ያለ ሰው እንደ ቀሪ አይቆጠርም። አረፈች። ከዚያ በሰፈሯ ጀርባ ባለው አፈር መንገድ ላይ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ሃያ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ሮጠች። ፈቃዷ ሲያልቅ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጥታ ቢሮዋ ገባች። ደስታዋን መደበቅ አቃታት፤ ስህተቷም ይህ ነበር።

ኮሚቴው ወዲያው ጠራትና ጉልበቷን መረመረ። ሰባት ሰው በየተራ ነካው። ከዚያም ጸሐፊው «በኮሚቴው ያላሰለሰ ጥረት የዳነ ጉልበት» ሲል በቃለ ጉባኤ አሰፈረው። ለሪፖርቱም አባሪ አንድ የጫማዎቹ ፎቶግራፍ፣ አባሪ ሁለት የስብሰባ አበል ዝርዝር፣ አባሪ ሦስት ደግሞ እሷ ሆነች።

«እንግዲያው ነገ ልምምድ እጀምራለሁ» አለች።

«ማስረጃ አይሮጥም» አለ ጸሐፊው።

«እንዴት?»

«ብትጎጂብን ሪፖርቱ በምን ይደገፋል?»

ስሟ ከሯጮች ዝርዝር ወጣ። ኮሚቴው ግን የተማረውን በሥራ የሚተረጉም ነበርና፣ ቀስቱን አስፍቆ ወደ ቀኝ አሣለው። የቀሩት አሥሩ ሯጮች በየቀኑ አርባ ዙር ወደ ቀኝ ዞሩ። በሦስተኛው ሳምንት ቀኝ ጉልበታቸውም አበጠ፤ ማነከሳቸውም ቀረ፤ በሁለቱም እግር እኩል የታመመ ሰው አያነክስምና። ዋና ኃላፊው ይህንን በመስኮት አይተው ኮሚቴውን አመሰገኑ።

የውድድሩ ቀን የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ በክብር እንግዶች ድንኳን ውስጥ፣ ከዋና ኃላፊው አጠገብ አስቀመጧት። ደረቷ ላይ «አባሪ ፫፤ ከቦታው እንዳይነሳ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እንግዶች ሲያልፉ ዋና ኃላፊው «ጉልበትሽን አሳዪያቸው» ይሏታል፤ ታሳያለች። ስንት ወር የጠበቀችው ሩጫ ፊት ለፊቷ ሊጀመር ነው፤ እሷ ደግሞ ወንበር ላይ ናት።

ተኩሱ ሲሰማ ዋና ኃላፊው አጨበጨቡ። አጨብጭበው ሲዞሩ ወንበሩ ባዶ ነበር።

አሥሩ የመሥሪያ ቤቱ ሯጮች አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ዛፍ ሥር አረፍ ብለው ሳለ፣ በአጠገባቸው አንዲት ሴት ወረቀቷ እየተርገበገበ አለፈች። ፍሬን «የት ነው?» ብሎ ጮኸ። «ፋይል ልመልስ» አለችው ዞር ሳትል። ጉልበቷ አላመማትም። ከሴቶቹ ሁሉ ቀድማ ገባች።

የውድድሩ አዘጋጅ ወደ ድንኳኑ መጣ። «ይህች አንደኛ የወጣችው የእናንተ ናት?»

ዋና ኃላፊው ወደ ጸሐፊው ዞሩ። ጸሐፊው ዝርዝሩን ገለጠ፤ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አየ።

«የለችም» አለ።

ሕግ አክባሪው መሥሪያ ቤት ለአንድ አፍታም አላመነታም። ያልተመዘገበች ሴት መሮጧን የሚቃወም አቤቱታ እዚያው ድንኳን ውስጥ ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ ማኅተም አረፈበት። በሩብ ሰዓት ውስጥ ተቀባይነት አግኝቶ የሴትየዋ ውጤት ተሰረዘ። መሥሪያ ቤቱ ውድድሩ ላይ መሳተፍ ከጀመረ ወዲህ ሲያሸንፍ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሰባቱ የኮሚቴ አባላት ተቃቀፉ። ዋና ኃላፊው የሁሉንም እጅ እየዞሩ ጨበጡ፤ ላቧ ያልደረቀውን የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛም ጨበጧት፤ የውሳኔውንም ደብዳቤ ሰጧት።

«በይ፣ ይህንን ፋይል አድርጊው።»

«የትኛው ፋይል ውስጥ?»

«ድል የሚለው ውስጥ ነዋ።»

እንዲህ የሚል ፋይል በመሥሪያ ቤቱ ስላልነበረ፣ ሰኞ ጠዋት አዲስ ከፈተችለት።