የጨረቃዋ ግማሽ

በየአጥቢያው አንድ ሰው አለ፤ ሰርግ ቢጠሩት ሙሽራዋን ከማየቱ በፊት የጥሪ ወረቀቱን ቀን የሚመረምር። ቢቸና አጠገብ ባለችው በወይዘሮ ጥሩአየሁ ደብር እኒህ ሰው የኔታ አካለ ወልድ ይባላሉ፤ የባሕረ ሐሳብ፣ የዘመን ቆጠራ መምህር ናቸው። የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ጥሩአየሁ ግን በልቧ «ሊቀ አራምያን»፣ የአራሚዎች አለቃ፣ ብላ ከሾመቻቸው ቆይታለች።

የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ «እሑድ ተወለዱ» ቢባል፣ ከለቀስተኛው መሀል «ማክሰኞ ነው» የሚሉ እርሳቸው ናቸው። የጥሩአየሁንም የጋብቻ ቀን ቆጥረው፣ ባሏ በየዓመቱ የሚያከብረው በሁለት ቀን ተሳስቶ መሆኑን ነገሯት። በዚህ ሰበብ ቤቷ የገባው ጭቅጭቅ ሳምንት ፈጀ ብላ ብታማርር፣ ስድስት ቀን ነው፣ እሑድ ታርቃችሁ አብራችሁ ስታስቀድሱ አይቻለሁ አሏት።

ዘንድሮ ደብሩ ትልቅ በዓል ነበረበት። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት፣ ቤተ ክርስቲያኑ በተተከለበት ሐምሌ፣ የየኔታ የሩቅ አያት በብራናው ጠርዝ ከነቀኑ «ጸልመ መንፈቀ ወርኅ» ብለው ጽፈዋል። የጨረቃ ግማሽ ጨለመ ማለት ነው እየተባለ ሲተረክ ኖሯል። ደብሩ በዚህች መስመር ይኮራል፤ የጸሐፊው ዘርም በእርሷ የተነሳ ከፊት ወንበር ወርዶ አያውቅም። ጥሩአየሁ «ጨረቃ የሰገደችለት ደብር» የሚል ባነር አሠርታ፣ ከሞጣ ሳይቀር እንግዳ ጠርታለች። የኔታን የለመነቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስመሯን አንብበው እንዲቀመጡ።

አነበቡ። አልተቀመጡም።

«የአያቴን ጽሑፍ መመርመር ነውር መስሎኝ ቆጥሬው አላውቅም ነበር» አሉ። «ለበዓሉ ብዬ ቆጠርኩት። ጨረቃ የምትጨልመው ሞልታ ነው። በዚያ ቀን ግን ገና የአምስት ሌሊት ልጅ ነበረች። ወርኅ ጨረቃም ነው፣ ወርም ነው። አያቴ የጻፉት ግማሽ ወር ሙሉ ጨለመ ብለው ነው። ደመና ነው፣ ወገኖቼ፤ ክረምት ነበር። አምሳ ዓመት በስህተት ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ፤ ይቅር በሉኝ።»

ጥሩአየሁ ባነሩን ቀና ብላ ማየት አፈረች፤ እርሳቸውን ግን አየቻቸው። የሰውን ስህተት ማረም ማንንም አይከብድም። እርሳቸው የገዛ ዘራቸውን ክብር፣ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ በሞጣ እንግዶች ፊት በገዛ ቁጥራቸው አወረዱት። እንባዋ መጣ፤ ኮራችባቸው።

ከሞጣ የመጡት መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ተነሥተው የየኔታን ትከሻ ስመው ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ። እኛም ዘንድ ያልተመረመረ ብዙ ጽሑፍ አለ አሉ፤ የኔታን ለአንድ ዓመት ቢያውሷቸው ሞጣ ተንከባክቦ እንደሚይዛቸው ቃል ገቡ።

እኒህን ሰው የሚወስድላት ስትለምን የኖረችው ጥሩአየሁ፣ ማንንም ሳታማክር ብድግ አለች።

«ሌላ ይጠይቁን፣ መሪጌታ» አለች። «እሳቸውንስ አንሰጥም።»